ከወሊድ በኋላ የወተት ላም ማህፀን የአልትራሳውንድ ምርመራ

ከወሊድ በኋላ የሚደረግ የማህፀን የአልትራሳውንድ ምርመራ ማለት የወለደች የወተት ላም ማህፀን ወደ ቀድሞ መጠኑ መመለሱን፣ በውስጡ ፈሳሽ ወይም መግል መኖር አለመኖሩን፣ እንዲሁም ኦቫሪ የሚባሉት የእንቁላል ማምረቻዎቿ ሥራ መጀመር አለመጀመራቸውን በድምፅ ሞገድ አማካኝነት በስክሪን ላይ የማየት ዘዴ ነው። ምርመራውን የሚያካሂደው የእንስሳት ሐኪም ወይም በዚሁ የሠለጠነ ባለሙያ ሲሆን፣ መሣሪያው በአብዛኛው በላሟ ፊንጢጣ በኩል ይገባል። ላሟ አትቆረጥም፣ አትደማም፣ ማደንዘዣም አያስፈልጋትም። ልምድ ላለው ሰው ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

የ85 ቀን ሒሳብ

የላም እርግዝና በአማካይ 280 ቀን ያህል ይፈጃል። አንዲት ላም በየዓመቱ አንድ ጥጃ እንድትወልድ ከተፈለገ ከ365 ቀን ላይ 280ው ሲነሣ የሚተርፈው 85 ቀን ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማህፀኗ ተራግፎና ጠቦ፣ የውስጥ ሽፋኑ ታድሶ፣ እንቁላል መልቀቅ ጀምራ፣ ድራት ታይቶባት፣ ተዳቅላ መፀነስ ይኖርባታል። አብዛኞቹ እርባታዎች ማህፀኑ እስኪያገግም ድረስ ከ45 እስከ 60 ቀን ሳያዳቅሉ ይጠብቃሉ። ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ በእጅ የሚቀረው ዕድል አንድ ወይም ሁለት ዙር ነው።

ችግሩ ከማህፀን ሕመሞች ብዙዎቹ ከውጭ የማይታዩ መሆናቸው ነው። ላሟ ትበላለች፣ ታመነዥጋለች፣ ትታለባለች። ስትዳቀል ግን አትይዝም። ከ21 ቀን በኋላ እንደገና ትዳቀላለች፣ እንደገና አትይዝም። በዚህ መሐል ጥፋቱ በአዳቃዩ ባለሙያ ወይም በኮርማው ዘር ላይ ይላከካል፤ ማህፀኑን የሚያስብ የለም። ሁለት ወይም ሦስት ላም ይዞ ለሚተዳደር ቤተሰብ አንድ ያልተሳካ ዙር ማለት የሦስት ሳምንት ተጨማሪ መኖ ማለት ነው። ሲደጋገምም ላሟ ወተት እየቀነሰች፣ ጥጃም ሳትሰጥ ትከርማለች፤ በመጨረሻም ጤነኛ ልትሆን የምትችል ላም «መካን ናት» ተብላ ለሥጋ ትሸጣለች።

ጤነኛ ማህፀን ከወሊድ በኋላ

ላም እንደወለደች ማህፀኗ ወደ 9 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ከአንድ ኪሎ በታች ይወርዳል። ከመላው የሰውነት ክፍሎች በዚህ ፍጥነት የሚቀንስ ሌላ አካል ማግኘት ያስቸግራል። ቅነሳው በሦስት መንገድ ይካሄዳል፦ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ትርፍ ሥጋው ይፈርሳል፣ የውስጥ ሽፋኑም ይታደሳል።

በእርግዝና ጊዜ የእንግዴ ልጁ ከማህፀን ጋር የሚያያዘው እንደ አዝራር ባሉ ጉብታዎች ላይ ነው። እነዚህ ካረንክል የሚባሉ ጉብታዎች በአብዛኛው ከ70 እስከ 120 ይደርሳሉ። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ የጉብታዎቹ ላይኛ ክፍል ይሞትና በ12ኛው ቀን አካባቢ ረግፎ ያልቃል። የረገፈው ሥጋ፣ ደምና ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚወጣው የወሊድ ፈሳሽ ቀይ ቡናማ ሲሆን መጥፎ ሽታ የለውም፤ ብዙው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይወጣል፣ በሁለት ሳምንት ተኩል ገደማም ያቆማል። ላይኛው ሽፋን በ25ኛው ቀን አካባቢ ይድናል፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ግን ሙሉ በሙሉ ለመታደስ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ጥጃ ያሳለፈው የማህፀን በር በጤነኛ ላም ላይ ከ12 ሰዓት በኋላ እጅ ለማሳለፍ ያስቸግራል፣ በአራተኛው ቀን ሁለት ጣት ብቻ ያስገባል።

በወሊድ ጊዜ ይህ በር ክፍት ስለሆነ ከእበት፣ ከጉዝጓዝ፣ ከአዋላጁ እጅና ከላሟ ቆዳ ባክቴሪያ ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሚመረመሩ ላሞች መካከል ከ80 እስከ 100 በመቶ የሚሆኑት በማህፀናቸው ውስጥ ባክቴሪያ ይገኝባቸዋል። ስለዚህ ባክቴሪያ መገኘቱ ብቻውን ሕመም አይደለም። አብዛኞቹ ላሞች በራሳቸው የመከላከል አቅም ያጸዱታል። ጥያቄው የትኛዋ ላም ማጽዳት አቃታት የሚለው ነው፤ የአልትራሳውንድ ምርመራም የሚጠቅመው በዚህ ላይ ነው።

ሊገኙ የሚችሉ ሕመሞች

እ.ኤ.አ. በ2006 ማርቲን ሼልደንና ባልደረቦቻቸው ያወጡት አከፋፈል በዘርፉ በሰፊው ይሠራበታል። ሜትራይቲስ የሚባለው ከወሊድ በኋላ ባሉት 21 ቀናት ውስጥ፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚከሰት የመላው ማህፀን ግድግዳ ቁጣ ነው፤ ምልክቶቹ ከመጠን በላይ ተልቆ የቀረ ማህፀን፣ ውኃ የመሰለ የሚገማ ቀይ ቡናማ ፈሳሽ፣ ከ39.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎትና የወተት መቀነስ ናቸው። ይህ ላሟን ሊገድል የሚችል ነው። ከ21 ቀን በኋላ መግል ከብልቷ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ከ26 ቀን በኋላ መግልና ንፍጥ የተቀላቀለበት ፈሳሽ ከታየ ግልጽ ኢንዶሜትራይቲስ ይባላል፤ ቁጣው በውስጠኛው ሽፋን ላይ የተወሰነ በመሆኑ ላሟ አትታመምም፣ አትይዝም እንጂ።

ሦስተኛው ድብቅ ኢንዶሜትራይቲስ ነው። ምንም መግል አይወጣም። በማህፀን ሽፋን ላይ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት በዝተው በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ብቻ ይታወቃል፤ ከ21 እስከ 33 ቀን ባለው ጊዜ ከ18 በመቶ በላይ፣ ከ34 እስከ 47 ቀን ባለው ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ ሲሆኑ ማለት ነው።

አራተኛው ፓዮሜትራ ነው፤ አመጣጡ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ላሟ ባክቴሪያው ሳይጠፋ ቀድማ እንቁላል ከለቀቀች በኦቫሪዋ ላይ ቢጫ አካል ይፈጠራል። ይህ ቢጫ አካል ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ፕሮጄስትሮን ደግሞ የማህፀንን በር ይዘጋል፣ የማህፀንንም የመከላከል አቅም ያዳክማል። በጤነኛ ላም ማህፀኑ ራሱ ፕሮስታግላንዲን አመንጭቶ ቢጫውን አካል ያጠፋዋል። የተቆጣው ሽፋን ግን ይህን ማድረግ ይሳነዋል። ስለዚህ ቢጫው አካል አይጠፋም፣ በሩ አይከፈትም፣ መግሉም ይጠራቀማል። ላሟ ድራት ስለማይታይባት ባለቤቱ እርጉዝ ይመስለዋል።

ለእነዚህ ሕመሞች ከሚያጋልጡ ነገሮች ዋናዎቹ የእንግዴ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ አለመውጣት፣ አስቸጋሪ ወሊድ፣ መንታ መውለድ፣ ጥጃ ሞቶ መወለድና በወሊድ አካባቢ የሚደርስ የምግብ እጥረት ናቸው። በብዛት ከሚገኙት ባክቴሪያዎች ኢ. ኮላይ ቀድሞ ይገባል፤ ትሩፔሬላ ፓዮጄኔስና ፉሶባክቴሪየም ኔክሮፎረም ተከትለው ጉዳቱን ያብሳሉ።

መሣሪያውና አሠራሩ

ፕሮብ የሚባለው የመሣሪያው ክፍል ኤሌክትሪክ ሲነካቸው የሚርገበገቡ ክሪስታሎች አሉት። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ እስከ 20,000 ንዝረት ሲሆን፣ ለላም ማህፀን የሚሠራበት ፕሮብ ከ5 እስከ 7.5 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ከ5 ሚሊዮን እስከ 7.5 ሚሊዮን ንዝረት ይልካል። ድምፁ በለስላሳ ሥጋ ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአንድ ዓይነት ሥጋ ወደ ሌላ ሲሻገር ከፊሉ ይመለሳል። መሣሪያው የተመለሰበትን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል፤ በጥንካሬው መጠንም በስክሪኑ ላይ ነጥቡን ያነጣዋል ወይም ያጠቁረዋል።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። ንጹሕ ፈሳሽ ድምፅ ስለማይመልስ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሥጋ እንደ ጥግግቱ ግራጫ ነው። አጥንትና አየር ድምፁን ከሞላ ጎደል በሙሉ ስለሚመልሱ ደማቅ ነጭ ሆነው ከበስተጀርባቸው ጥላ ይጥላሉ። ንዝረቱ በጨመረ ቁጥር ምስሉ ይጠራል፣ ግን ጥልቀቱ ያንሳል። 5 ሜጋኸርዝ ለትልቅ ማህፀን ይመረጣል፤ 7.5 ደግሞ ለኦቫሪና ለተሰበሰበ ማህፀን። በመጀመሪያው ሳምንት ማህፀኑ ከዳሌው ወርዶ ሆድ ውስጥ ስለሚንጠለጠል እጅም ፕሮብም ሙሉውን አያዳርሰውም። በዚያ ወቅት 3.5 ሜጋኸርዝ የሆነ ፕሮብ ከውጭ በሆድ በኩል የሚጠቀሙ አሉ፤ ለዕለት ተዕለት ሥራ ግን ብዙም አልተለመደም።

አመራመር

ላሟ ባለሙያዎች ክራሽ በሚሉት ጠባብ ማቆያ ውስጥ ትቆማለች፤ ከሌለ አስተማማኝ ግንድ ላይ ታስራ ከጎን ሰው ይይዛታል። መርማሪው እስከ ትከሻ የሚደርስ ጓንት አጥልቆ በማለስለሻ ካሻሸ በኋላ እበቱን ያወጣል። ይህ ሥራ ችላ ሊባል አይገባም። በፕሮቡና በአንጀቱ ግድግዳ መካከል ጥቂት አየር ወይም እበት ከቀረ ምስሉ ይጠፋል። ጀማሪዎች «መሣሪያው አይሠራም» የሚሉት ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ በእጅ ብቻ አንድ ዙር ይዳስሳል። የማህፀኑ በር የት እንዳለ፣ ቀንዶቹ ወዴት እንደዞሩ፣ ፊኛዋ መሙላት አለመሙላቷን ያውቃል። ፕሮቡ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ጀሌ በተቀባ መሸፈኛ ውስጥ ሆኖ በመዳፍ ተይዞ ወደፊት ይገፋል። መጀመሪያ የሽንት ፊኛ፣ ቀጥሎ የማህፀን በር፣ ከዚያ የማህፀን አካል፣ ሁለቱ ቀንዶችና በመጨረሻ ሁለቱ ኦቫሪዎች ይታያሉ። አንዱን ቀንድ ብቻ አይቶ ማቆም የተለመደ ስሕተት ነው፤ መግል ብዙውን ጊዜ የሚተኛው ፅንሱ በነበረበት ቀንድ ውስጥ ነውና።

በስክሪኑ ላይ የሚታየው

በአራተኛው ሳምንት ጤነኛ የሆነች ላም ማህፀን በመስቀለኛ ሲታይ ክብ፣ ግድግዳው ወጥ ግራጫ፣ መሐሉ የተዘጋ ነው። የሁለቱ ገጾች መገናኛ እንደ ቀጭን መስመር ወይም እንደ ኮከብ ሊታይ ይችላል። ፅንስ የነበረበት ቀንድ ከሌላው ትንሽ ሊወፍር ይችላል፤ ልዩነቱ እየጠበበ ከሄደ አያሳስብም። መርማሪው የቀንዶቹን ስፋት፣ የግድግዳውን ውፍረትና በመሐሉ ያለውን ፈሳሽ ጥልቀት በሚሊሜትር ይለካል። የማህፀን በሩም ይለካል፤ ከ20 ቀን በኋላ ከ7.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሰፍቶ መገኘቱ ከኢንዶሜትራይቲስ ጋር ይያያዛል።

ከሁሉ በላይ የሚናገረው ግን ፈሳሹ ነው። መጠኑ ብቻ ሳይሆን መልኩ ይነበባል። ጥቁርና ጥርት ያለ ፈሳሽ ሕዋስ የለውም ማለት ነው። በውስጡ ነጫጭ ብናኞች ከተንሳፈፉበት የተበላሹ ሕዋሳት አሉ ማለት ነው። መግል ሲሆን ደግሞ እንደ አጥሚት ወፍራም ግራጫ ይመስላል፤ ማህፀኑ በእጅ ቀስ ብሎ ሲነቀነቅ ብናኞቹ ይሽከረከራሉ። ይህ መነቅነቅ ቀላል ቢሆንም በጣም ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም የረጋ መግል ቆሞ ሲታይ ከሥጋው ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ደማቅ ነጭ ነጥቦች ከነጥላቸው ከታዩ አየር አለ፤ ይህ ከባክቴሪያ የመጣ ጋዝ ሊሆን ይችላል፣ ጥጃው በእጅ ተስቦ ከሆነ ደግሞ በዚያን ጊዜ የገባ አየር ሊሆን ይችላል።

በኦቫሪው ላይ ፎሊክል ጥቁር ክብ ሆኖ ይታያል፤ ቢጫው አካል ግራጫ ሲሆን ከአካባቢው ሥጋ በቀላሉ ይለያል። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ጥቁር ክብ ቢጫ አካል በሌለበት ሁኔታ ከቆየ የኦቫሪ ከረጢት እንደሆነ ይገመታል። ማህፀንን ያለ ኦቫሪ ማንበብ ግማሽ ንባብ ነው፤ ያው የማህፀን ፈሳሽ አንዱ ኦቫሪ ላይ ትልቅ ፎሊክል ሲኖር አንድ ነገር፣ ቢጫ አካል ሲኖር ሌላ ነገር ማለት ነውና።

ቀኑ ሳይታወቅ ምስሉ አይነበብም

ሁለት ላሞች እንውሰድ። የሁለቱም ማህፀን ውስጥ ብናኝ ያለበት የ2 ሴንቲ ሜትር ፈሳሽ ታየ። አንደኛዋ ከወለደች 8ኛ ቀኗ ነው፤ ትበላለች፣ ትኩሳት የላትም፣ ፈሳሹም አይገማም። ይህች የወሊድ ፈሳሿን እያጸዳች ያለች ጤነኛ ላም ናት፤ መተው ነው። ሁለተኛዋ 35ኛ ቀኗ ነው። በዚህ ጊዜ ማህፀኑ ባዶ መሆን ነበረበት፤ ስለዚህ ኢንዶሜትራይቲስ ሳይኖራት አይቀርም፣ ቢጫ አካል ካለ ደግሞ ፓዮሜትራ መሆኑ ይመረመራል። ምስሉ አንድ ነው፤ ትርጉሙን የለየው የወሊድ መዝገቡ ነው።

በዚህ ምክንያት ለማህፀን ጤና ሲባል የሚደረግ የአልትራሳውንድ ምርመራ ከሦስተኛው ሳምንት በፊት ብዙም አይመከርም፤ ከ21 እስከ 40 ባሉት ቀናት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሜትራይቲስን ለመለየት ቴርሞሜትር፣ አፍንጫና ዓይን ከስክሪኑ ይበልጣሉ። ትኩሳት ያላት፣ መኖ የተወች፣ የሚገማ ፈሳሽ የሚወርዳት ላም አልትራሳውንድ እስኪመጣ መጠበቅ የለባትም፤ በዚያው ቀን ሕክምና ያስፈልጋታል።

የሚያሳስቱ ምስሎች

የመጀመሪያው ድራት ነው። ድራት ላይ ያለች ላም ማህፀኗ ያብጣል፣ ጥቂት ጥቁር ፈሳሽም ይይዛል። ጤነኛ ናት። ኦቫሪዋ ላይ ያለው ትልቅ ፎሊክልና ከብልቷ የሚወርደው እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ ንፍጥ ያሳውቃሉ። ሁለተኛው የሽንት ፊኛ ነው፤ ሞልቶ ሲታይ በፈሳሽ የተወጠረ ማህፀን ይመስላል። በመዳሰስ ወይም ላሟ እስክትሸና በመጠበቅ ይለያል።

ሦስተኛውና አደገኛው እርግዝና ነው። ኮርማ ከላሞች ጋር በሚውልበት ቤት ባለቤቱ ሳያውቅ ላሟ ፀንሳ ልትገኝ ትችላለች። የለጋ እርግዝና ፈሳሽ ጥቁርና ጥርት ያለ ነው፤ በ28ኛው ቀን ገደማ ፅንሱና የሚመታው ልቡ ይታያሉ፣ ቆየት ሲል ደግሞ በግድግዳው ላይ እንደ አዝራር የተደረደሩ የእንግዴ ልጅ መያዣዎች ይወጣሉ። ፓዮሜትራ ላይ ግድግዳው ይወፍራል፣ ፈሳሹ ግራጫ ነው፣ ፅንስም መያዣም የለም። ሁለቱም ላይ ግን ቢጫ አካል አለ፣ ሁለቱም ላይ ድራት የለም። ለፓዮሜትራ የሚሰጠው ፕሮስታግላንዲን ለእርጉዝ ላም ከተሰጠ ያስወርዳታል። ስለዚህ ጥርጣሬ ያደረበት ሐኪም መርፌውን አስቀምጦ ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ ቢመለስ የሚያጣው ጥቂት ቀን ነው፤ ቢቸኩል የሚያጣው ጥጃ ነው።

ከሌሎች ዘዴዎች ጋር ሲነጻጸር

አልትራሳውንድ ሁሉን ያያል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሞ በወጣ የካናዳ ጥናት ከወለዱ ከ28 እስከ 41 ቀን የሆናቸው ላሞች በተለያዩ ዘዴዎች ተመርምረው፣ ውጤቱ ከማህፀን ሽፋን በብሩሽ ከተወሰደ የሕዋስ ናሙና ጋር ተነጻጽሯል። በአልትራሳውንድ የታየ ፈሳሽ ሕመም ካለባቸው ላሞች የለየው 31 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲሆን፣ ጤነኞቹን ጤነኛ በማለት ረገድ ግን 93 በመቶ ያህል ትክክል ነበር። የሽፋኑን ውፍረት ብቻ መለካት ደግሞ ከታመሙት የለየው 4 በመቶ ያህሉን ነው፤ ለብቻው ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል።

ይህ በተግባር ሲተረጎም ከ35 ቀን በኋላ ግራጫ ፈሳሽ የታየባት ላም ችግር አለባት ብሎ መናገር ያስደፍራል፤ ምንም ያልታየባት ላም ግን ከድብቅ ኢንዶሜትራይቲስ ነጻ ናት ብሎ ማረጋገጥ አይቻልም። ስለዚህ ጥሩ መርማሪ ብልቷንም ይመለከታል። ንጹሕ ጓንት ባጠለቀ እጅ ወይም ጫፉ ላይ የጎማ ጽዋ ባለው ዘንግ ከማህፀን በር ፊት ያለውን ንፍጥ ያወጣና ጥርት ያለ፣ የመግል ነጠብጣብ ያለበት፣ ከግማሽ በታች መግል ወይም ከግማሽ በላይ መግል ብሎ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል። ይህ ምርመራ ርካሽ ነው፣ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ድክመቱ መግሉ ከብልቷ ወይም ከማህፀን በሩ ቁስል የመጣ ይሁን ከማህፀን አለመለየቱ ነው፤ ያንን ደግሞ አልትራሳውንድ ያግዛል። በእጅ መዳሰስ ብቻውን ከሁሉም ደካማው ነው፤ ከአንዱ መርማሪ ወደ ሌላው በጣም ይለያያል።

ዶፕለር የተባለው የአልትራሳውንድ ዓይነት የደም ዝውውርን ያሳያል። ከወሊድ በኋላ ወደ ማህፀን የሚሄደው ደም በመጀመሪያዎቹ ቀናት በፍጥነት ይቀንሳል፤ ማህፀኑ ሲቆጣ ቅነሳው ይዘገያል። እስካሁን የሚያገለግለው ግን በአመዛኙ ለምርምር ነው።

ከምርመራው በኋላ

ሁሉም የታየ ፈሳሽ መድኃኒት አይፈልግም። ኢንዶሜትራይቲስ ካለባቸው ላሞች ብዙዎቹ ያለ ሕክምና ይድናሉ፤ በተለይ ድራት በተመለሰ ቁጥር ማህፀኑ ይኮማተራል፣ በሩ ይከፈታል፣ ይጠረጋልም። ቢጫ አካል ላላት ላም ፕሮስታግላንዲን ይህንኑ ሒደት ያስጀምራል። ቢጫ አካል ለሌላት ላም ግን የሚያጠፋው ነገር ስለሌለ ጥቅሙ አጠራጣሪ ነው፤ ኦቫሪውን ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ጭምር ነው። በአንዳንድ አገሮች ሴፋፒሪን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ ወደ ማህፀን ውስጥ ይሰጣል። ትኩሳት ላለው ሜትራይቲስ ደግሞ በመርፌ የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያና ፈሳሽ ያስፈልጋል። ፀረ ባክቴሪያ የወሰደች ላም ወተት እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ለተወሰኑ ቀናት ለሰው ሊሰጥ አይገባም። ምርመራው ጤነኛዋን ላም ከአላስፈላጊ መድኃኒት ማዳኑ አንዱ ጥቅሙ ነው።

ታሪክ

አልትራሳውንድ በትልልቅ እንስሳት የመራቢያ አካል ላይ መሠራት የጀመረው በፈረሶች ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1980 አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ፒርሰንና ኦሊቨር ጊንተር የጊደሮችን ኦቫሪ በአልትራሳውንድ የሚያሳይ ጥናት አወጡ፤ በ1986 ደግሞ ፊሶሬና ባልደረቦቹ ያልፀነሰ፣ የፀነሰና የታመመ የላም ማህፀን ምን እንደሚመስል ገለጹ። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች በጋሪ የሚገፉና መብራት የሚፈልጉ ነበሩ። ዛሬ በባትሪ የሚሠሩ፣ ወገብ ላይ የሚታጠቁ፣ ምስሉን በመነጽር ወይም በስልክ ላይ የሚያሳዩ አሉ፤ መሣሪያው ከክሊኒክ ወጥቶ በረት የገባው ከዚህ በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ፣ በቢሾፍቱ፣ በሆለታና በመሳሰሉት ከተሞች የሚገኙት የወተት ላሞች በብዛት የሆልስታይንና የአገር ውስጥ ዝርያዎች ድቅል ናቸው። በጽሑፎች ላይ የሚሰጡት የቀንና የስፋት ልኬቶች ግን በአብዛኛው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ሆልስታይኖች የተወሰዱ ስለሆኑ፣ ለድቅል ወይም ለቦረና ላም እንዳለ መገልበጥ አያስኬድም። የአገር ውስጥ ላሞች ማህፀን በመጠኑ ያነሰ ነው፤ ጥጃ በሚያጠቡበትና መኖ በሚያንሳቸው ጊዜ ደግሞ ማህፀናቸው ጤነኛ ሆኖ እያለ ድራታቸው ለወራት ሊዘገይ ይችላል። እንዲህ ያለችው ላም ስትመረመር ማህፀኗ ንጹሕ፣ ኦቫሪዋ ላይ ቢጫ አካል የሌለ ሆኖ ይገኛል፤ የሚያስፈልጋት መኖ እንጂ መርፌ አይደለም። ይህን መለየት መቻል ብቻውን መሣሪያውን ጠቃሚ ያደርገዋል።

የመሣሪያው ዋጋ ለአንድ አነስተኛ እርባታ የሚቀመስ አይደለም። ሆኖም ለእርግዝና ምርመራ የሚያገለግለው መሣሪያ ለማህፀን ምርመራም ያው ስለሆነ፣ ባለሙያው ለአንዱ በመጣበት ሌላውንም ሊሠራ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የእያንዳንዷ ላም የወሊድ ቀን፣ የእንግዴ ልጁ የወጣበት ሰዓትና የተዳቀለችበት ቀን ተጽፎ መቀመጡ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል።

በአንዳንድ ቦታ የቀረ የእንግዴ ልጅን በእጅ ጎትቶ ማውጣት ወይም እንዲወርድ ድንጋይ ማንጠልጠል ይታያል። ሁለቱም ጉብታዎቹን ቀድደው ማህፀኑን ለባክቴሪያ ያጋልጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ማህፀኑ ራሱ ተገልብጦ ይወጣል። የተንጠለጠለውን ክፍል አሳጥሮ ትኩሳቷን በየቀኑ መለካት ይሻላል።

ለመርማሪውም አደጋ አለ። ላሞች ላይ ውርጃና የእንግዴ ልጅ መቅረት ከሚያስከትሉት በሽታዎች አንዱ ብሩሴሎሲስ ሲሆን፣ በኢትዮጵያም ይገኛል። ከእንግዴ ልጁ፣ ከወሊድ ፈሳሹና ካልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በሰው ላይ ተመላላሽ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። ስለዚህ ጓንት ለእያንዳንዷ ላም ይለወጣል፣ የፕሮቡ መሸፈኛም እንዲሁ፤ ገመዱና ፕሮቡ ታጥበው በፀረ ተሕዋስ ይጠረጋሉ። የወጣው የእንግዴ ልጅ ለውሻ አይጣልም፤ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ያስወረደች ላም ደግሞ ከምርመራው ተራ የመጨረሻዋ ትሆናለች።